የተኮሰውን እናውቀዋለን፤ ቀለሃውን ያቃናውስ?

(ከ2ኛ ዓመት የጋዜጠኝነት ተማሪ)



ባለፈው ሴሚስተር በፊቸር አጻጻፍ ኮርስ የተሰጠንን አሳይመንት የረሳችሁት አይመስለኝም፡፡ «ከቤታችሁ አንድ ዕቃ ምረጡና ታሪኩን ጻፉ» ነበር የተባልነው፡፡ አንዳንዶቻችሁ ስለ ጀበና፣ አንዳንዶቻችሁ ስለ አባታችሁ ሬዲዮ ጻፋችሁ፤ አንዱ የክፍላችን ልጅ ደግሞ (ራሱን ያውቃል) ስለ ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ አምስት ገጽ ሞላ፡፡ እኔ የጻፍኩት ስለ አንዲት የጥይት ቀለሃ ነው፡፡ ከሃያ አሥራ ስድስት አገኘሁ፡፡ በውጤቱ ቅር አልተሰኘሁም፤ እንዲያውም በዝቶብኛል፡፡ ለምን በዛብኝ እንዳልኩ ለመናገር ነው ይህችን ጽሑፍ ይዤላችሁ የመጣሁት፡፡

የአያቴ የኩል ዕቃ

አያቴ የምትኖረው አንኮበር ወረዳ ውስጥ ካሉ መንደሮች በአንዱ ነው፡፡ የመንደሩን ስም አልጠቅስም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ ታገኙታላችሁ፡፡ አንኮበር ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ግን መኪናው ሲወጣ ሲወርድ፣ ጉሙም መንገዱን ሲውጠው የዚያን እጥፍ ትመስላለች፡፡

አያቴ ኩሏን የምታስቀምጠው በአንዲት የናስ ዕቃ ውስጥ ነው፡፡ አፏን በእንጨት ውታፍ ደፍናዋለች፡፡ ከእጅ ብዛት የተነሳ ዕቃዋ ወርቅ መስላለች፡፡ ልጅ ሆኜ «እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ስላት «የእናቴ ነው» ብቻ ነበር መልሷ፡፡ የጥይት ቀለሃ መሆኗን ያወቅሁት ሃይስኩል ከገባሁ በኋላ ነው፡፡

ለአሳይመንቱ ብዬ አገላብጬ ሳያት ግን አንድ ነገር ግራ አጋባኝ፡፡ ታችዋ ወፍራም ነው፤ ወደ ላይ ቀስ እያለች ትቀጥንና እንደገና ድንገት ትጠባለች፡፡ አፏ ትንሿን ጣቴን እንኳ አያስገባም፡፡ የታችኛው ጠርዟ ዙሪያውን በሞረድ ተበልቷል፡፡ ፋብሪካ የሠራው ዕቃ እንዲህ አይሆንም፡፡ ሰው ነክቷታል፡፡

አያቴ «እሱን ከፈለግሽ ጎረቤታችንን ጠይቂ» አለችኝ፡፡ ጎረቤቷ ሰማንያ ያለፋቸው ሽማግሌ ናቸው፡፡ ዕድሜያቸውን ሙሉ ማረሻ፣ ማጭድና ቢላዋ ሲሠሩ የኖሩ፣ አሁን እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ወናፉን ለልጃቸው የለቀቁ፡፡ ቀለሃዋን ተቀብለው ወደ ብርሃን ወሰዷት፣ አፏን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት፡፡

«ይቺ የውጅግራ ነበረች» አሉ፡፡ «አፏን አጥብቦ ለሌላ ጠመንጃ ያደረጋት አባቴ ነው፡፡ የአባቴን እጅ አላጣውም፡፡»

ታላላቆቹም አድርገውታል

ከዚያ በኋላ ላይብረሪም ኢንተርኔትም ገባሁ፡፡ ያገኘሁት ነገር ካሰብኩት በላይ ሆነ፡፡ እስቲ ባጭሩ ላካፍላችሁ፡፡

ውጅግራ የምንለው ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 ለጦራቸው የተቀበሉት ጠመንጃ ነው፡፡ በእነሱ አፍ «ፉዚ ግራ» ይባላል፤ ግራ የፈልሳፊው ስም ነው፡፡ የእኛ ሰው ጆሮው እንደሰማው «ውጅግራ» አለው፡፡ ጥይቱ 11 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው እርሳስ ሆኖ የሚገፋው በጥቁር ባሩድ ነበር፡፡ ሲተኮስ ጭሱ ተኳሹንም ጠላቱንም ያለብሳል፡፡

እ.ኤ.አ. በ1884 ፖል ቪዬል የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ጭስ አልባ ባሩድ ሠራ፡፡ ሁለት ዓመት ቆይቶ የጦር ሚኒስትሩ ጄኔራል ቡላንዤ «አዲስ ጠመንጃ በአስቸኳይ!» ብሎ አጣደፈ፡፡ ባለሙያዎቹ ጊዜ ስላልነበራቸው ምን አደረጉ መሰላችሁ? ያችኑ የውጅግራ ቀለሃ መነሻ አድርገው አንገቷን ወደ 8 ሚሊ ሜትር አጠበቧት! ለበል የተባለው ዝነኛ ጠመንጃ ጥይት እንዲህ ተወለደ፡፡ ታችዋ ወፍራም፣ አፏ ቀጭን፣ ሁለት ጊዜ የምትጠብ ቀለሃ፡፡ የአያቴን የኩል ዕቃ አስታወሳችሁ?

የጥድፊያ ሥራ ጣጣው ብዙ ነው፡፡ ያቺ ወፍራም ቀለሃ በካዝና ውስጥ ቀጥ ብላ አትደረደርም፡፡ ስለዚህ ፈረንሳዮች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሾሻ የተባለውን መትረየሳቸውን የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ባለው ካዝና ሊያጎርሱት ተገደዱ፡፡ እንግሊዞችም ቢሆኑ የማርቲኒ ሄንሪን ጥይት ያገኙት እኛ ሰናድር የምንለውን ጠመንጃ ቀለሃ አሳድገው አንገቱን በማጥበብ ነው፡፡

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ነገሩ የትርፍ ጊዜ ሥራ ሆኗል፡፡ ፋብሪካ የማይሠራውን ጥይት ከአሮጌ የወታደር ቀለሃ እየጨመቁ፣ እየቆረጡ፣ አፉን እያጠበቡ ወይም እያሰፉ በቤታቸው የሚያወጡ ሰዎች አሉ፡፡ እንዲህ ያለውን ጥይት «ዋይልድካት»፣ የዱር ድመት ይሉታል፤ ባለቤት የለውም ለማለት ይመስለኛል፡፡ አንዳንዱ የዱር ድመት ግን ቤት ይገባል፡፡ ሃያ ሁለት ሁለት መቶ ሃምሳ የሚሉት ጥይት ለዓመታት የአማተሮች ሥራ ሆኖ ቆይቶ ሬሚንግተን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1965 በፋብሪካ ማምረት ጀመረ፡፡ ከአሜሪካ ጦር ቀለሃ እ.ኤ.አ. በ1922 የወጣ አንድ ጥይት ደግሞ ታውንሴንድ ዌለን በተባለ መኮንንና ጸሐፊ ስም ተጠርቶ እስከ ዛሬ «ዌለን» እየተባለ ይሸጣል፡፡

ልብ በሉልኝ! አሜሪካዊው ቀለሃ ሲያስተካክል ስሙ በጥይት ላይ ይቀራል፡፡ ፈረንሳዊው ሲያስተካክል ስሙ በጠመንጃ ላይ ይቀራል፡፡ የአንኮበሩ ሰው ሲያስተካክልስ?

የሸዋ መንገድ

አንኮበር ለጠመንጃ እንግዳ አይደለችም፡፡ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዙ ካፒቴን ሃሪስ ወደዚህች ተራራ ሲወጣ ከያዘው ገጸ በረከት ውስጥ የጦር መሣሪያ ነበረበት፡፡ እ.ኤ.አ. በ1887 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ (የፊልሙ ራምቦ እንዳይመስላችሁ) ከታጁራ ተነስቶ፣ የአፋርን በረሃ በግመል አቋርጦ አንኮበር ደረሰ፡፡ ጭነቱ ምን ነበር? አውሮፓ ጊዜው አልፎበታል ብሎ የጣለው ወደ 2,000 የሚጠጋ አሮጌ ጠመንጃ፡፡ ንጉሥ ምኒልክን ያገኛቸው እንጦጦ ነው፤ ከንግዱም የጠበቀውን ትርፍ ሳያገኝ ተመለሰ፡፡

ውጅግራም ወደ ሀገራችን በብዛት የጎረፈው ለበል በመምጣቱ ነው፡፡ ፈረንሳይ አዲሱን ስታነግት አሮጌው በቀይ ባሕር በኩል ለገበያ ወጣ፡፡ ዓድዋ ላይ በ1888 ዓ.ም. በኢትዮጵያውያን እጅ ከነበሩት ጠመንጃዎች ብዙዎቹ ይኸው ውጅግራ ነበሩ፡፡ የሰው ውራጅ ይዘን ነው ያሸነፍነው ማለት ነው፡፡

ውራጅ ጠመንጃ ግን አንድ ችግር አለበት፡፡ ጥይቱ ሲያልቅ ሱቅ ሄደህ አትገዛም፡፡ ስለዚህ ጥይት እንደ ገንዘብ ተቆጠረ፡፡ ከማርትሬዛ ብርና ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን በገበያ ላይ ለመልስ የሚያገለግለው ጥይት ነበር፡፡ የተተኮሰውም ቀለሃ አይጣልም፤ ተለቅሞ፣ ተጠርጎ፣ እንደገና ይሞላል፡፡

በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ሲገባ ችግሩ ባሰ፡፡ በሀገሪቱ የነበረው ጠመንጃ ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ውጅግራ፣ ለበል፣ ምንሽር፣ ሌላም ሌላም፡፡ የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም፡፡ ራስ አበበ አረጋይ የመሩት የሸዋ አርበኛ አምስት ዓመት ሙሉ በእነዚህ ገደላገደሎች ውስጥ ሲዋጋ ፋብሪካ አልነበረውም፡፡ የማረከውን ይተኩሳል፡፡ ያልማረከውን ደግሞ… እዚህ ላይ ነው የጎረቤታችን አባት የሚገቡት፡፡

ወናፍ፣ መስፍ፣ መዶሻ

ሽማግሌው የተወለዱት ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው፡፡ የነገሩኝ ከአባታቸው የሰሙትንና በልጅነታቸው ያዩትን ነው፡፡

አርበኛው ሌሊት ይመጣል፡፡ በቁና ቀለሃ ያፈሳል፡፡ «እስከ ማክሰኞ» ይልና ይሄዳል፡፡ አባትየው ቀለሃውን በየዓይነቱ ይለያል፤ የተሰነጠቀውን ለጌጥ ሠሪ ያስቀምጣል፣ ደህናውን ያጥባል፡፡ ከወፍራም ብረት የተበሳ፣ ለወራት በሞረድ የተስተካከለ ቅርጽ ማውጫ ነበረው፡፡ ቀለሃውን ሞራ ቀብቶ እዚያ ውስጥ ቀስ እያደረገ በመዶሻ ያስገባዋል፡፡

«ቀስ ካላልሽ ናስ ይቆጣል» አሉኝ፡፡ መምህር ቢሆኑ ኖሮ ጎበዝ መምህር ይሆኑ ነበር፡፡ ናስ በተቀጠቀጠ ቁጥር ይደርቃል፤ የደረቀ ናስ ይሰነጠቃል፡፡ እንዲለሰልስ እሳት ማሳየት ያስፈልጋል፡፡ እሳቱ ግን አፉን እንጂ መቀመጫውን መንካት የለበትም፤ መቀመጫው ከለሰለሰ ሲተኮስ ከኋላ ይፈነዳል፡፡ ይሄን ሁሉ ፊዚክስ የኔ ትውልድ ከመጽሐፍ ይማረዋል፡፡ እሳቸው ያወቁት ከአባታቸው ግራ እጅ ነው፡፡ ሁለት ጣት አልነበራቸውም አሉ፡፡ አንድ ቀን የሞሉትን ለመፈተን ተኩሰው ቀለሃው ተቀደደ፡፡ «ለሰው ከመስጠቴ በፊት እኔ እተኩሳለሁ ይል ነበር» አሉኝ፡፡

ይህን ስሰማ ማስታወሻዬን አስቀመጥኩ፡፡ ለካ ጥራት ቁጥጥር ማለት ይሄ ነው! አርበኛው እጁ ላይ እንዳይፈነዳበት መጀመሪያ የራሱን እጅ ያስቀደመ ሰው ነበር ማለት ነው፡፡

(ባሩዱንና እሳት የምትጭረውን የመቀመጫዋን ቆብ እንዴት እንደሚያዘጋጁ ነግረውኛል፡፡ እሱን ግን አልጽፈውም፤ አያስፈልግም፡፡)

ስሙን ያልሰጠኝ ሰው

ስጨርስ እንደተማርነው «አባባ፣ ሙሉ ስምዎንና የአባትዎን ስም ልጻፍ» አልኳቸው፡፡ ዝም አሉ፡፡ ከዚያ «ስሜን ተዪው ልጄ» አሉኝ፡፡

ያልገባኝ መስሏቸው አስረዱኝ፡፡ የልጅ ልጃቸው ታጭታለች፡፡ የወንዱ ቤተሰብ ከሌላ ወረዳ ነው፡፡ «ገበሬ ነን ብለናል፡፡ ውሸት አይደለም፤ እናርሳለን፡፡ ቀጥቃጭ መሆናችንን ግን አልነገርናቸውም፡፡ በጋዜጣ ወጥቶ ቢያዩት ሠርጉ ይፈርሳል፡፡»

እዚህ ላይ ማብራሪያ የሚያስፈልጋችሁ አይመስለኝም፡፡ በሀገራችን ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ሸክላ የሚሠራ፣ ቆዳ የሚፍቅ ሰው ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን፡፡ «ጠይብ»፣ «ቡዳ»፣ «ዓይነ ክፉ»… ማረሻውን እንገዛዋለን፣ ድስቱን እንገዛዋለን፣ ልጁን ግን አናገባም፡፡ የሚገርመው «ጠይብ» የሚለው ቃል ከ«ጠቢብ» ጋር አንድ ነው፡፡ ጥበበኛ ማለት ስድብ የሆነበት ሀገር!

አዲስ ነገርም አይደለም የምናገረው፡፡ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ይህንኑ የሚመለከት አዋጅ አውጥተው ነበር፡፡ ሰውን በእጅ ሥራው መስደብ እኔን መስደብ ነው፣ የሚሳደብም ይቀጣል ብለዋል፡፡ አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፡፡ ሽማግሌው ግን ዛሬም በልጅ ልጃቸው ሠርግ ምክንያት ስማቸውን ይደብቃሉ፡፡ ታዲያ አዋጁ የት ደረሰ?

የመንደሩን ስም የተውኩትም፣ ሁለት ሦስት ጥቃቅን ነገሮችን የቀየርኩትም ለዚህ ነው፡፡ ጽሑፉ እንዲህ ሆኖ እንዲወጣ ሽማግሌው ፈቅደውልኛል፡፡

የእኔ ጥፋት

አሁን ወደ አሥራ ስድስቷ ልመለስ፡፡

አሳይመንቴ አምስት ገጽ ነበር፡፡ ሁለት ገጽ ስለ ለበልና ውጅግራ፣ አንድ ገጽ ስለ ራምቦ፣ አንድ ገጽ ተኩል ስለ አርበኞች፡፡ ስለ ሽማግሌውና ስለ አባታቸው ምን እንደጻፍኩ ታውቃላችሁ? አንድ ዓረፍተ ነገር! «ቀለሃው በጊዜው በአካባቢው እንዲስተካከል ተደርጓል» ይላል፡፡

በማን ተደረገ? አልተጻፈም፡፡ ስም ካልሰጡኝ እንደ ሶርስ አይቆጠሩም ብዬ ለራሴ ነገርኩት፡፡ እውነቱ ግን ሌላ ነው፡፡ ስም ሳይጠቀስ መጻፍ እንደሚቻል፣ ምንጭን መጠበቅም የሙያችን ግዴታ እንደሆነ አንደኛ ዓመት ላይ ተምረናል፡፡ እኔ የፈራሁት ከእሳቸው ቤት መግባቴ እንዲታወቅብኝ ነው፡፡

እንዴት አወቅሽ ካላችሁኝ፣ በዚያው ሳምንት ላውንጅ ቁጭ ብለን ስለ አሳይመንቶቻችን ስናወራ የሆነውን ልንገራችሁ፡፡ የቀጥቃጭ ቤት ገብቼ ቡና መጠጣቴን ስናገር አንዱ ጓደኛችን «ውይ! ታዲያ እስካሁን እንዴት ሳትበዪ ቀረሽ?» አለ፡፡ ሁሉም ሳቀ፡፡ እኔም ሳቅሁ፡፡ ያንን ሁሉ ሰዓት ያስተማሩኝ ሰውዬ፣ አባታቸው ለአርበኛ እጅ ሲሉ ጣታቸውን የሰጡ ሰውዬ፣ በእኔ ፊት ሲቀለድባቸው ከሳቂዎቹ አንዷ ነበርኩ፡፡

ከመካከላችን አንዲት ልጅ ግን አልሳቀችም፡፡ ማታ ዶርም ውስጥ መብራት ከጠፋ በኋላ «እናቴ እኮ ሸክላ ሠሪ ናት» አለችኝ፡፡ ሁለት ዓመት አንድ ክፍል አብረን ተኝተናል፡፡ አንድ ቀን ነግራኝ አታውቅም፡፡ «ለምን አልነገርሽኝም?» ስላት «ዛሬ ላውንጅ ያየሽው ነው ምክንያቱ» አለችኝ፡፡ ይህን የምጽፈው አስፈቅጃት ነው፡፡ እሷም ግን «ስሜን ተዪው» ብላኛለች፡፡

ሁለት ሰው፣ አንዱ ሰማንያ ያለፈው፣ አንዷ ገና ሃያ የሆናት፤ አንዱ አንኮበር ገደል ሥር፣ አንዷ ዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥ፡፡ የነገሩኝ ቃል ግን አንድ ነው፡፡ ከዚያ ሌሊት በኋላ አሥራ ስድስቷ ለእኔ ብዙ ሆነችብኝ፡፡

«ምነው ደግሞ በዚህ ሰዓት ስለ ጥይት?» ለምትሉኝ

ይህን ጽሑፍ ቀድመው ያነበቡ ሁለት ጓደኞቼ ሁለት ተቃውሞ አቅርበውልኛል፡፡ ሁለቱም ቀላል አይደሉም፡፡

የመጀመሪያው፣ «ክልላችን ስንት መከራ እያየ አንቺ ጥይት ሠሪ ታወድሻለሽ?» የሚል ነው፡፡ እውነት ነው፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ደርሶ ወደ ደብረ ሲና ሲጠጋ ምን እንደነበር የዚህ ዞን ልጅ ሁሉ ያውቃል፡፡ ደብረ ብርሃን በተፈናቃይ ስትሞላ አይተናል፡፡ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም ክልላችን ሌላ ግጭት ውስጥ ገብቷል፡፡ ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መሥራትን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1177/2012ም ያለ ምክንያት አልወጣም፡፡ እኔ ማንም ወናፉን ወደ ቀለሃ ይመልስ አላልኩም፡፡ ሽማግሌውም ይህን አይፈልጉም፡፡ «ጥይት ሠርቶ ደስ ያለው ሰው አላየሁም፤ አባቴ ደስ ያለው ማረሻ ሲሠራ ነው» ብለውኛል፡፡ ታዲያ ስለ ጥይት አንጻፍ ከተባለ ስለ ተኳሹም አንጻፍ፡፡ ለተኳሹ ፉከራ፣ ሽለላ፣ ሐውልትና በዓል ካለን ግን ያስታጠቀውን «በአካባቢው ተደርጓል» ብለን ማለፍ ፍርድ አይደለም፡፡

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ «ታሪክ ሁሌም የመሪዎች ነው፤ የኋላ ሰው መቼ ተጽፎለት ያውቃል?» የሚል ነው፡፡ ይሄ ልክ ይመስላል፣ ግን አይደለም፡፡ አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ መድፍ ሲያሠሩ የነበሩትን የአውሮፓ ባለሙያዎች፣ እነ ዋልድማየርን፣ በስማቸው እናውቃቸዋለን፡፡ ከጎናቸው ወናፍ ሲነፉና ብረት ሲያቀልጡ የነበሩት የሀገራችን ሰዎች ስም ግን በአፋችን የለም፡፡ ስለዚህ የኋላ ሰው ሁሉ አልተረሳም፤ የተረሳው የእኛው ነው፡፡

ሌላም ልጨምር፡፡ በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር እዚሁ ሰሜን ሸዋ ዘረት ዋሻ ውስጥ በተሸሸጉ ሰዎች ላይ መርዝ ጋዝ ተጠቅሞ ብዙ ሕዝብ ፈጅቷል፡፡ ሕዝቡ «አመፀኛ ዋሻ» ይለዋል፡፡ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ቁስለኞች፣ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ነበሩ፤ አርበኛውን ከኋላ ሆኖ የሚደግፈው ወገን ማለት ነው፡፡ ጠላት የኋላ ሰው ዋጋው ስንት እንደሆነ ያውቅ ነበር፡፡ እኛ ነን የረሳነው፡፡

ምን እናድርግ?

መፍትሔ የሌለው አስተያየት እንዳይሆንብኝ ለዲፓርትመንታችን ሦስት ነገር ልበል፡፡

አንደኛ፣ ለተግባር ልምምድ ስንወጣ ከአምስቱ ጥያቄዎቻችን (ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን) ጋር «ማን ሠራው?» የሚለውን እንጨምር፡፡ «ተደረገ»፣ «ተሠራ»፣ «ተዘጋጀ» ብለን ስንጽፍ ማን እንዳደረገው እናውቅ እንደሆነ ራሳችንን እንጠይቅ፡፡ አብዛኛውን ጊዜ እናውቀዋለን፤ መጻፉን ነው የምንሸሸው፡፡

ሁለተኛ፣ ሽማግሌዎቹ እያለቁ ነው፡፡ በጣሊያን ዘመን በራሳቸው እጅ የሠሩ ሰዎችን ዛሬ ማግኘት አይቻልም ለማለት ይቻላል፤ ያሉን ልጆቻቸው ናቸው፣ እነሱም ሰማንያ አልፈዋል፡፡ ዲፓርትመንታችን መቅረጸ ድምፅ አለው፤ አብዛኛውን ሴሚስተር ሳጥን ውስጥ ነው የሚያሳልፈው፡፡ በየዕረፍታችን ወደየመንደራችን ስንሄድ አንድ አንድ ባለሙያ ብንቀዳ፣ የፈቀደውን በስሙ፣ ያልፈቀደውን ያለ ስሙ ብናስቀምጥ ከአንድ ዓመት በኋላ የትም የማይገኝ ሀብት ይኖረናል፡፡

ሦስተኛው ገንዘብ አያስወጣም፤ ላውንጅ ውስጥ አንሳቅ፡፡ ይሄ ምክር ከሁሉ በፊት ለእኔ ነው፡፡ በመካከላችን እናቷ ሸክላ የምትሠራ፣ አባቱ ብረት የሚቀጠቅጥ ተማሪ አለ፡፡ ነገ ጋዜጠኛ ሆነን ስለ እኩልነት ፕሮግራም የምናዘጋጅ ሰዎች ዛሬ አጠገባችን የተቀመጠውን ልጅ ዝም ካሰኘነው ምኑን ተማርነው?

ባለፈው የገና ዕረፍት ተመልሼ ሄጄ ነበር፡፡ ሠርጉ ገና ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ነው አሉኝ፡፡ የአሳይመንቴን ነገር፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ እንደጻፍኩላቸው ነግሬያቸው ይቅርታ ጠየቅኳቸው፡፡ ሳቁ፡፡ «አንድም ከሆነ ደግ ነው፤ እስከ ዛሬ አንድም አልነበረን» አሉኝ፡፡ ከዚያ ቀለሃዋን ዳግም ተቀብለው ካዩ በኋላ የአባታቸውን ስም ብቻ በጆሮዬ ነገሩኝ፡፡ «ያዢው፤ ጊዜው ሲደርስ ትጽፊዋለሽ» ብለውኛል፡፡

ማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ፡፡ በሚቀጥለው ዓመት እዚሁ መጽሔት ላይ ለማውጣት የምችልበት ቀን እንዲመጣ ከእናንተም እጅ ያለ ነገር አለ፡፡

ቸር እንሰንብት!